ዲመሩን ከመግዛታችሁ በፊት ሽቦውን አስቡ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሕንፃዎች የኤልኢዲ ማደብዘዣ አመራረጥ

ፋኖስ ባለበት ቤት ላደገ ሰው ዲመር ምን እንደሆነ ማስረዳት አይከብድም። በፋኖሱ ጎን አንዲት ትንሽ ማዞሪያ አለች። ስትዞር ክሩ ከፍ ይላል፣ ቤቱ ይደምቃል። ስትመለስ ክሩ ይወርዳል፣ ብርሃኑ ይለዝባል። እኛ ቤት ቡናው በረካ ላይ ደርሶ ዱዓ ሊደረግ ሲል አያቴ ክሩን ዝቅ ታደርገው ነበር። ብርሃኑ አይዘልም፣ አይርገበገብም። ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው።

በኤልኢዲም ያንን ልስላሴ ማምጣት ይቻላል። ግን አምፖሉን ከአንድ ሱቅ፣ ዲመሩን ከሌላ ሱቅ ገዝቶ በማገናኘት አይመጣም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በደሴ፣ በኮምቦልቻና በአካባቢው ሕንፃ የሚሠሩ፣ ሆቴልና አዳራሽ የሚያድሱ ሰዎች በዚህ ነገር ብዙ ብር ሲያጡ ስላየሁ ነው። ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። ውሎዬም አዳሬም ኮርኒስ ሥር ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ አንድ ሆቴል ለአዳራሹ መብራት ተጠራሁ። ኮርኒሱ ላይ 40 ዳውንላይት፣ ማለትም ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ ወደ ታች የሚያበራ መብራት፣ አለ፣ እያንዳንዱ 12 ዋት። በድምሩ 480 ዋት። ግድግዳው ላይ ደግሞ 600 ዋት የተጻፈበት ክብ ዲመር። ሒሳቡ ልክ ይመስላል። ቀን ላይ ሁሉም ደህና ነበር። ማታ በሠርግ እራት ሰዓት ብርሃኑ ዝቅ ሲል ግን የመሐሉ ረድፍ መርገብገብ ጀመረ። ቀጥሎ የዳሩ። የእጄን ጀርባ ወደ ዲመሩ አስጠጋሁት። ትኩስ ነው፣ ውስጡም ዝዝ ይላል። ስልኬን አውጥቼ ካሜራውን ወደ ኮርኒሱ አዞርኩ። ስክሪኑ ላይ ጥቋቁር መስመሮች እንደ ነጠላ ጥለት ተደርድረው ወደ ታች ይወርዳሉ።

ባለቤቱ አጠገቤ ቆመዋል።

«ልጄ፣ መብራቱ ነው ወይስ ዲመሩ ነው የተበላሸው?»

«ሁለቱም አልተበላሹም ሀጂ። አይግባቡም።»

«ታዲያ ማን ያስታርቃቸው?»

«አብሽሩ፣ ይስተካከላል» አልኳቸው። ተስተካከለም። ግን የተለሰነ ግድግዳ ተፈልፍሎ፣ ኮርኒስ ተከፍቶ ነው። ግንባታው ላይ ታስቦበት ቢሆን ኖሮ ሁለት ተጨማሪ ሽቦ በቱቦው ውስጥ መሳብ ብቻ ይበቃ ነበር።

ስለዚህ ምርጫው የዲመር ምርጫ ብቻ አይደለም። ኤልኢዲ በቀጥታ ከ220 ቮልት አይሠራም። መሐል ላይ ድራይቨር የሚባል ዕቃ አለ። የቆጣሪውን ኤሌክትሪክ ወስዶ ለኤልኢዲው የሚስማማውን የሚሰጠው እሱ ነው። ብርሃኑ ሲደበዝዝ የሚያደበዝዘው ድራይቨሩ ነው። ዲመሩ ትእዛዝ ሰጪ ብቻ ነው። ትእዛዙ በምን ቋንቋ ይተላለፋል? ድራይቨሩስ ያንን ቋንቋ ይሰማል? የሚከተሉት አማራጮች ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው።

ሞገዱን የሚቆርጠው ዲመር

በየሱቁ የሚገኘው፣ በማብሪያ ማጥፊያው ቦታ የሚገባው ክብ ዲመር ይሄ ነው። አዲስ ሽቦ አይፈልግም። ወደ መብራቱ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ሞገድ በየግማሽ ዙሩ እየቆረጠ ያሳንሰዋል። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ቆረጣው በሰከንድ 100 ጊዜ ነው።

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ የሞገዱን ፊት ይቆርጣል፣ ሌላው ጅራቱን። ከፊት የሚቆርጠው ለድሮው ባለ ክር አምፖል የተሠራ ነው። ያ አምፖል ክሩ አንዴ ከጋለ ቶሎ ስለማይበርድ ምንም ቢቆራርጡት ግድ አልነበረውም። ኤልኢዲ ግን ወዲያው ይሰማዋል። ከኋላ የሚቆርጠው ለኤልኢዲ የተሻለ ነው። ዝዝታው ይቀንሳል፣ ወደ ታች ሲወርድም ይለሰልሳል። ሻጩን «ከኋላ የሚቆርጥ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካላወቀ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል።

ፊቱ ላይ ያለው የዋት ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። 600 ዋት የሚለው ብዙውን ጊዜ ለባለ ክሩ አምፖል ነው። ለኤልኢዲ የሚፈቀደው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፣ መመሪያው ላይ በትንሽ ፊደል ለብቻው ይቀመጣል። የሀጂ አዳራሽ የወደቀው እዚህ ላይ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ዝቅተኛ ጭነትም አለ። ሁለት ባለ 5 ዋት አምፖል ብቻ ከሰቀላችሁበት ዲመሩ ሥራውን በትክክል ላይጀምር ይችላል። መብራቱ ጠፍቶም ጭላንጭል ሊያሳይ ይችላል።

ሌላው ጉዳይ ኤሌክትሪኩ ራሱ ነው። ይህ ዲመር ሞገዱ ዜሮ ላይ የሚያልፍበትን ቅጽበት እየጠበቀ ነው የሚሠራው። ማታ ላይ ቮልቴጁ ሲወርድ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ትንሽ ጄኔሬተር ሲነሳ ሞገዱ ይዛባል። ዲመሩም ቅጽበቱን ይስታል። መብራቱ ይርገበገባል። ርካሽ ኢንቨርተር (የባትሪን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) ላይ ደግሞ ሞገዱ ደረጃ ደረጃ ስለሆነ ጨርሶ ባይሞከር ይሻላል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ይህን አቅልሎ ማየት አይቻልም።

እኔ ብትጠይቁኝ ይህን ዲመር የምመክረው ለትንሽ ክፍል ነው። ለሆቴል መኝታ ክፍል፣ ለዶክተር ቢሮ፣ ለአንዲት ትንሽ ካፌ። ከ6 እስከ 10 አምፖል ይበቃዋል። እሱም ቢሆን አምፖሉ ላይ «ይደበዝዛል» የሚል ምልክት ሊኖር ይገባል። ለአዳራሽና ለሙሉ ፎቅ ግን አይሆንም።

1-10 ቮልት

ይሄ ቀላልና ሐቀኛ ሥርዓት ነው። ወደ ድራይቨሩ ከሚሄደው ከፌዝ፣ ከኒውትራልና ከግራውንድ ሌላ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ይጨመራል። በሁለቱ መካከል 10 ቮልት ካለ መብራቱ ሙሉ ነው። 1 ቮልት ካለ ዝቅተኛው ላይ ነው። በብዙ ድራይቨሮች ዝቅተኛው 10 በመቶ አካባቢ ነው። ቮልቴጁን የሚያወጣው ድራይቨሩ ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ማዞሪያ ወደ ታች ይስበዋል። ለመድረክ መብራት በሚሠራው የ0-10 ቮልት ሥርዓት ግን ተቃራኒ ነው፣ ቮልቴጅ የሚልከው ተቆጣጣሪው ነው። ሁለቱን አንድ ናቸው ብሎ የገዛ ባለሙያ አጋጥሞኛል። ዕቃው ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር መጥቶ፣ ተመልሶ ሄደ።

የምወድለት ነገር ብልሽቱ ራሱን መናገሩ ነው። መብራቱ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ አልወርድ ካለ የመቆጣጠሪያው ሽቦ የሆነ ቦታ ተቆርጧል። ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ካልወጣ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል፣ ወይም ፕላስና ማይነሱ ተለዋውጧል። ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም። መሣሪያችሁ መልቲሜትር ብቻ ነው። የደሴ ልጅ፣ የወልድያ ልጅ፣ ማንኛውም ኤሌክትሪሺያን ይጠግነዋል።

ድክመቱም ግልጽ ነው። አብዛኛው የ1-10 ድራይቨር በማዞሪያው ጨርሶ አይጠፋም፣ ለማጥፋት ሌላ ማብሪያ ማጥፊያ ወይም ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ያስፈልጋል። የሽቦው መንገድ ረጅም ሲሆን ቮልቴጅ ይበላል። በአንድ መስመር ላይ የመጀመሪያውና የመጨረሻው መብራት እኩል ላይደበዝዙ ይችላሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምድቡ በሽቦ የታሰረ ነው። ዛሬ ከመስኮቱ ጎን ያሉትን 8 መብራቶች ለብቻ ለማደብዘዝ ከፈለጋችሁ ለእነሱ ለብቻ ሽቦ መሳብ አለባችሁ። ነገ ሐሳባችሁ ከተለወጠ ሽቦውም ይለወጣል።

የፎቅ አከፋፈሉ የማይለዋወጥ ቢሮ፣ የመማሪያ ክፍል፣ የመጋዘንና የወርክሾፕ መብራት ካላችሁ ከዚህ ሩቅ አትሂዱ።

ዳሊ

አሁን ወደ ዋናው ሰፊ ጉዳይ እንግባ። ዳሊ የሚባለው ሥርዓት ለሕንፃ መብራት የተዘጋጀ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው፣ ቁጥሩም አይኢሲ 62386 ነው። እዚህም ሁለት ሽቦ ነው የሚጨመረው። ልዩነቱ በሽቦው ውስጥ የሚሄደው ቮልቴጅ ሳይሆን መልእክት መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ድራይቨር የራሱ ቁጥር አለው። በአንድ መስመር ላይ እስከ 64 ድራይቨር፣ 16 ምድብና 16 ትእይንት ይያዛል። ትእይንት ማለት አስቀድማችሁ የምትመዘግቡት የብርሃን ሁኔታ ነው። ሙሽሮች ሲገቡ አንድ፣ እራት ላይ አንድ፣ ለስብሰባ ፕሮጀክተር ሲበራ ሌላ፣ ለጽዳት ሠራተኞች ደግሞ ሙሉ። አንድ ቁልፍ መጫን ነው።

ለሽቦ ሠራተኛ የሚመች ነገር አለው። ፕላስና ማይነስ የለውም፣ ቢገለበጥም ይሠራል። መስመሩ በፈለገው አቅጣጫ ቅርንጫፍ ማውጣት ይችላል፣ ክብ ሠርቶ መዘጋት ብቻ ነው የማይፈቀድለት። በ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ እስከ 300 ሜትር ይሄዳል። በመስመሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ 16 አካባቢ ነው። ከ220 ቮልቱ ጋር በአንድ ገመድ ውስጥ እንዲያልፍ ተፈቅዶለታል፣ ስለዚህ ባለ 5 ገመድ ስባችሁ በአንድ ቱቦ ትጨርሳላችሁ። ግን ልብ በሉ። 16 ቮልት ስለሆነ ብቻ በእጅ የሚነካ ሽቦ አይደለም። መስመሩ ከዋናው ኤሌክትሪክ የተነጠለው በመሠረታዊ ኢንሱሌሽን (መከለያ) ብቻ ነው። ብሬከሩን ሳታወርዱ አትንኩት።

የዳሊ ትልቁ ጥቅም ለእኛ አገር አከራይ ነው ብዬ አምናለሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያሉትን ፎቆች አስቡ። አንድ ፎቅ ዛሬ ባንክ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኮሌጅ ይሆናል። ቀጥሎ ክሊኒክ ይገባበታል። በየጊዜው ፓርቲሽኑ ይፈርሳል፣ ሌላ ይሠራል። በ1-10 ሥርዓት ክፍሉ በተለወጠ ቁጥር ኮርኒስ ይከፈታል። በዳሊ ግን መብራት ቁጥር 17 ከምድብ 2 ወጥቶ ምድብ 5 እንዲገባ በላፕቶፕ ይነገረዋል። ኮርኒሱ አይነካም።

ሌላም ጥቅም አለው። ዓይናችን ብርሃንን የሚለካው እንደ ሜትር አይደለም። መለኪያው 25 በመቶ ሲል ለዓይን ግማሽ ያህል ይመስላል። 10 በመቶ ሲል አንድ ሦስተኛ ገደማ ይመስላል። ስለዚህ ብርሃኑ በመለኪያ እኩል እኩል ሲቀንስ ለዓይን መጀመሪያ ምንም ያልተለወጠ ይመስላል፣ መጨረሻ ላይ ግን ድንገት ገደል ይገባል። የዳሊ ድራይቨር የዓይንን አካሄድ የሚከተል አወራረድ አብሮት ተሠርቶለታል። የአያቴን ፋኖስ ያስታወሰኝ ብርሃን ያየሁት በዳሊ ነው። ድራይቨሩ ጥሩ ሲሆን እስከ 1 በመቶና ከዚያም በታች ሳይርገበገብ ይወርዳል።

ጉዳቱንም ልናገር። ዳሊ ካልተዋቀረ ዝም ብሎ የሚበራ መብራት ነው። ለእያንዳንዱ ድራይቨር ቁጥር የሚሰጥ፣ ምድቡንና ትእይንቱን የሚመዘግብ ሰው፣ ላፕቶፕና ማገናኛ ያስፈልጋል። አንድ ሕንፃ ላይ ይህን የሠራው ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ፣ ፋይሉን ይዞ ሄደ። ከዓመት በኋላ አንድ ድራይቨር ተቃጠለ። የሕንፃው ጠጋኝ አዲስ ገዝቶ ገጠመ። መብራቱ በራ። ግን አዳራሹ ሁሉ ደብዝዞ ያ አንዱ መብራት ብቻ ሙሉ ሆኖ ይቀራል። አዲሱ ድራይቨር ቁጥርም ምድብም ስላልተሰጠው ትእዛዙ እሱን አይመለከተውም። ጠጋኙ ሦስት ጊዜ ፈቶ ገጠመው። ጥፋቱ የሱ አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ ያቺ አንዲት መብራት ለወራት እንደደመቀች ቀረች።

ዳሊ የምትገቡ ከሆነ ውሉ ላይ ይህን አስገቡ፦ የውቅረት ፋይሉ የሕንፃው ባለቤት ንብረት ነው፣ ማገናኛ መሣሪያውም ሕንፃው ውስጥ ይቀራል፣ ከሕንፃው ሠራተኞች አንድ ሰው ይሠለጥናል። ይህ ካልተሟላ 1-10 ይሻላችኋል። ይህን የምለው ዳሊን ስለምጠላ አይደለም። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

ዕቃው ላይ ዳሊ-2 የሚል ምልክት ፈልጉ። የድሮው ዳሊ ድራይቨሮችን እንጂ የግድግዳ ቁልፎችንና ሴንሰሮችን በደንብ አልደነገገም ነበር። ስለዚህ የአንዱ ፋብሪካ ቁልፍ ከሌላው ጋር አልስማማ ይል ነበር። ዳሊ-2 እነሱንም ጨምሮ እየተፈተነ የሚያልፍ ነው። እኔ ደግሞ በአንድ መስመር 64 ሙሉ አልሞላም፣ 50 አካባቢ አቆማለሁ። ነገ አንድ ክፍል ሲጨመር ቦታ ይኖራል።

ገመድ አልባውና ሌሎቹ

ሕንፃው ካለቀ፣ ግድግዳው ከተቀባ፣ ጂፕሰሙ ከተሠራ በኋላ ዲመር ያስፈለጋችሁ እንደሆነ ገመድ አልባው ነው መልሱ። ብሉቱዝ ሜሽ ወይም ዚግቢ የሚሉትን ማለቴ ነው። እያንዳንዱ መብራት ከአጠገቡ ካለው ጋር እየተቀባበለ መልእክቱን ያሻግራል። በስልክ ይዋቀራል፣ ቁልፉም በባትሪ ወይም ያለ ባትሪ ይሠራል። ግን ሁለቱም በአብዛኛው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ነው የሚሠሩት፣ ይህ ሞገድ ደግሞ አርማታን አይወድም። በብሎኬት ግድግዳ ያልፋል። ሶሌታና የሊፍት ዘንግ ላይ ይዳከማል። ስለዚህ ፎቅ በፎቅ አስቡት እንጂ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ አንድ መረብ ይሆናል ብላችሁ አትግቡ። የይለፍ ቃሉ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ብቻ ከቀረ ደግሞ የዳሊው ፋይል ታሪክ ይደገማል።

በመግፊያ ቁልፍ የሚሠራም አለ። ቁልፉን አንዴ ነካ ስታደርጉት ይበራል፣ ይዛችሁ ስትቆዩ ይደበዝዛል። ብዙ የዳሊ ድራይቨሮች ይህን መግቢያ ይዘው ይመጣሉ። ለትንሽ ካፌ ርካሽና ጥሩ ነው። ሆኖም መብራቶቹ ብዙ ሲሆኑ እርስ በርስ ይሳሳታሉ። በተለይ ኤሌክትሪክ ሄዶ ከመጣ በኋላ አንዱ ሲደምቅ ሌላው ሊደበዝዝ ይችላል። መልሶ ለማስተካከል ቁልፉን ለረጅም ጊዜ መጫን ያስፈልጋል፣ ስንት ሰከንድ እንደሆነ የድራይቨሩ መመሪያ ይነግራችኋል። ከ4 ወይም 5 ድራይቨር በላይ አልሰቅልበትም።

በጂፕሰም ኮርኒስ ውስጥ የሚደበቀው የ12 ወይም የ24 ቮልት ስትሪፕ (እንደ ጥብጣብ የሚዘረጋ ኤልኢዲ) የራሱ ዲመር አለው። ዲመሩ የሚገባው 220ውን ወደ 12 ወይም 24 ቮልት ከሚያወርደው ከፓወር ሰፕላዩ በኋላ ነው። ከፊቱ ክብ ዲመር ያደረገ ሰው ተራውን ፓወር ሰፕላይ ሊያቃጥለው ይችላል። ረዘም ያለ ስትሪፕ ከሆነ 24 ቮልቱን ምረጡ፣ ጫፉ ላይ ቶሎ አይፈዝም።

ዲኤምኤክስ የሚባለው የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ለመድረክ ነው። 512 ቻናል አለው፣ ፈጣን ነው፣ ቀለም ለሚቀያይሩና ለሚንቀሳቀሱ መብራቶች የተሠራ። የሠርግ አዳራሹ መድረክ ካለው ለመድረኩ ብቻ አስገቡት።

ኤሌክትሪኩ፣ ከፍታው፣ ጉሙ

መመሪያ ሁሉ የሚጻፈው መብራት ለማይጠፋበት አገር ነው። እኛ ጋ ግን አንድ ጥያቄ ይቀድማል፦ ኤሌክትሪክ ሄዶ ሲመጣ ምን ይሆናል? በ1-10 መብራቱ ማዞሪያው ባለበት ይመለሳል፣ ምክንያቱም ማዞሪያው አልተንቀሳቀሰም። ዳሊ ካልተነገረው 100 በመቶ ሆኖ ይመለሳል። ሰው በእራት ላይ ሳለ ድንገት እንደ ቀን ይበራል። ግን ይህ ውቅረት ነው። ጥሩ ድራይቨር ወደነበረበት እንዲመለስ ማዘዝ ይቻላል። ባለሙያችሁን በግልጽ እዘዙት። ገመድ አልባው ላይ ደግሞ በሰዓት የሚበራና የሚጠፋ ፕሮግራም ካላችሁ፣ ሰዓት የሚይዝለት ዕቃ መኖሩን አረጋግጡ።

ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ደግሞ የ1-10 እና የዳሊ ድራይቨሮች ይሻላሉ። ሰፊ የቮልቴጅ ክልል የሚቀበል ከመረጣችሁ፣ መግቢያው ከ180 ወደ 240 ቢንቀሳቀስም ብርሃኑ አይነቃነቅም። ሞገድ የሚቆርጠው ዲመር ያለበት መብራት ግን ጎረቤት ብየዳ ሲጀምር ያውቃል።

ከፍታውን ብዙ ሰው አያስበውም። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ወደ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው ያለችው። ላሊበላም እንደዚሁ። የኤሌክትሪክ ዕቃዎች በብዛት የሚፈተኑት እስከ 2,000 ሜትር ላለው ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ዕቃው ሙቀቱን በደንብ አያስወጣም። የደሴ ብርድ ቢያግዝም የጂፕሰም ኮርኒስ ውስጥ ግን ብርድ የለም። ስለዚህ ደሴ ላይ ድራይቨሩን እስከ መጨረሻው አቅሙ አልጭነውም፣ ከ80 በመቶ አላልፍም። ኮምቦልቻ ዝቅ ትላለች፣ በከፍታው በኩል ችግር የለባትም። እሷ ጋ ችግሩ ሙቀቱ ነው፣ በተለይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር።

ጉሙስ? በክረምት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደሴ ውስጥ ጉም ወርዶ መስኮቱ ነጭ ግድግዳ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይገለጣል። የቀን ብርሃን የሚለካ ሴንሰር ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ነው። ጉሙ ሲወርድ መብራቱን ያነሳዋል፣ ሲገለጥ ይመልሰዋል፣ ማንም ሳይነካው። የሚያስፈልገው ከመስኮት ከ3 እስከ 4 ሜትር ውስጥ ላሉ መብራቶች ነው፣ ከዚያ ወዲያ በቂ የቀን ብርሃን ብዙውን ጊዜ አይደርስም። አወጣጡና አወራረዱ ግን ቀስ ይበል። በየደመናው የሚዘል መብራት ሰው ያሰለቻል።

ለማን የቱ

አዲስ ሕንፃ እየገነባችሁ ከሆነ፣ ገና ምን እንደምትገዙ ባትወስኑም፣ ለእያንዳንዱ የመብራት መስመር ባለ 5 ገመድ ሳቡ። ሁለቱ ትርፍ ሽቦ ለ1-10ም ለዳሊም ይሆናል። ዛሬ ዲመር የሌለው ተራ ድራይቨር ብትገጥሙ እንኳ ሽቦዎቹን ስካቶላው ውስጥ ጠቅልላችሁ ተዉአቸው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ልስን ካለቀ በኋላ ያው ሁለት ሽቦ የሚጠይቀው ወጪ ከዲመሩ ዋጋ ይበልጣል።

ሆቴልና የሠርግ አዳራሽ ካላችሁ፣ አዳራሹና ሬስቶራንቱ ዳሊ ይሁን። መኝታ ክፍሎቹ ከኋላ በሚቆርጥ ዲመር ይበቃቸዋል። ኮሪደሩ ዲመር አያስፈልገውም፣ ሰው ሲያልፍ ከፍ፣ ሲሄድ ወደ 20 በመቶ ዝቅ የሚል የእንቅስቃሴ ሴንሰር ያለው ድራይቨር በቂ ነው። ላሊበላ ላይ እንግዳ የሚቀበል ሆቴል ቢያማክረኝ፣ ከአርማታ ይልቅ ድንጋይ የበዛበት አሮጌ ቤት ከሆነ ገመድ አልባውን ከመግዛቱ በፊት ሁለት መብራት ብቻ ሰቅሎ እንዲሞክር እነግረዋለሁ። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሞገድ ይበላል።

ለኪራይ የሚሆን ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ዳሊ ነው፣ የሚያዋቅርለት ሰው ካለ። ከሌለ 1-10፣ ምድቦቹን በመስኮት በኩልና በውስጥ በኩል ለይቶ። ትንሽ ቡቲክ ወይም ሱቅ ዲመር አያስፈልገውም። ገንዘቡን ጥሩ ቀለም የሚያሳይ አምፖል ላይ ቢያውለው ጨርቁ ይሸጥለታል። ፋብሪካና መጋዘን ላይ 1-10 ከቀን ብርሃን ሴንሰር ጋር።

ቁጠባውን በሚመለከት፣ የሀጂን አዳራሽ እንውሰድ። 480 ዋቱ ወደ ግማሽ ሲወርድ 240 ዋት ገደማ ይሆናል። በ6 ሰዓት ውስጥ 1.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይተርፋል። ድራይቨሩ ራሱ የሚበላው ስላለ ትንሽ ያንሳል። ለአንድ አዳራሽ ብዙ አይደለም። በቁጠባ ብቻ ዲመር ግዙ የሚላችሁን ሻጭ አትመኑት። ዲመር የሚገዛው ለሰው ዓይንና ለቤቱ መንፈስ ነው። ቁጠባው የሚከብደው መብራት ቀኑን ሙሉ በሚበራበት ቢሮና ፋብሪካ ነው።

የአደጋ ጊዜ መብራቶችን፣ የመውጫ ምልክቶችንና የደረጃውን መብራት ከዲመር ጋር አታገናኙ። እነሱ ለብቻቸው ናቸው።

ብሬከር ላይም አንድ ቃል። የኤልኢዲ ድራይቨር ሲበራ ለቅጽበት ብዙ አምፔር ይስባል። 30 ድራይቨር አንድ ላይ ሲነሳ ብሬከሩ ያለ ጥፋቱ ይወርዳል። በአንድ ብሬከር ስንት ድራይቨር እንደሚፈቀድ የድራይቨሩ ዶክመንት ይጽፋል። ብሬከሩም ሲ ዓይነት ይሁን።

ስትረከቡ

ርክክብ በቀን አታድርጉ። ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ቮልቴጅ በሚወርድበት ጊዜ ሁኑ። መብራቱን ወደ ዝቅተኛው አውርዱትና 10 ደቂቃ ቁጭ በሉ። ሻይ ጠጡ። ከዚያ ስልካችሁን ወደ መብራቱ አዙሩ። ወፍራም ጥቋቁር መስመሮች ከሄዱ ድራይቨሩ ይርገበገባል፣ ዓይናችሁ ባያየውም ራሳችሁን ሊያም ይችላል። የስልክ ፈተና ትክክለኛ መለኪያ አይደለም፣ ግን መጥፎውን ያጋልጣል። በወረቀት ላይ ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ፣ አይትሪፕልኢ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ በሰከንድ 100 ጊዜ ለሚርገበገብ መብራት የብርሃኑ መዋዠቅ ከ8 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። ሻጩን የድራይቨሩ መዋዠቅ ስንት በመቶ እንደሆነ ጠይቁት።

ቀጥሎ ዋናውን ብሬከር አውርዳችሁ መልሱ። መብራቱ ወዴት እንደተመለሰ እዩ። ጄኔሬተሩንም አስነሡና እንደገና አደብዝዙ። ሦስቱን ካለፈ ክፈሉ።

ከመፈረማችሁ በፊት ግን የፓነሉን በር ክፈቱ። ከበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ወረቀት በፕላስቲክ ተሸፍኖ መለጠፍ አለበት። የትኛው ብሬከር የትኛውን ረድፍ እንደሚይዝ፣ ዳሊ ከሆነ የእያንዳንዱ መብራት ቁጥርና ምድብ፣ የድራይቨሩ ሞዴል፣ የተገጠመበት ቀን ይጻፍበት። የውቅረት ፋይሉ ያለበት ፍላሽ በዚያው በፓነሉ ውስጥ በትንሽ ፖስታ ይንጠልጠል። ሀጂ አዲሱን ሥራ ሲረከቡ ያንን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ጠጋኛቸውን ጠርተው እሱም እንዲያነበው አደረጉ።